ጎማው ደህና፣ መብራቱ በርቷል

፩

መጀመሪያ ዝም ያለው የግራ የኋላው ጎማ ነው። ቀጥሎ የቀኝ የፊቱ። ከዚያ የቀሩት ሁለቱ አንድ ላይ።

ዳሽቦርዱ ላይ አራት ቁጥር የነበረበት ቦታ አራት ሰረዝ ሆነ።

—     —

—     —

መኪናው አልቆመም፤ ጎማም አልተነፈሰም። ጋሽ ላቀው ግን ጥግ ይዘው አቆሙ። ወርደው አራቱንም ጎማ በየተራ በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉ። አራቱም እንደ ድንጋይ ናቸው። ተመልሰው ገቡና መሪውን ይዘው ትንሽ ተቀመጡ።

«ጎማው ደህና ነው» አሉ ለባለቤታቸው።

እትዬ ውድነሽ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አቅፈው ከሰረዞቹ አጠገብ የበራውን ቢጫ መብራት አዩት።

«እኔ መቼ ደህና አይደለም አልኩ? መኪናው ነው ያለው» አሉ። «እንመለስ።»

ተመለሱ።

ወደ አርባ ምንጭ ተነስተው ሻሸመኔን ሳያልፉ ሲመለሱ ይህ አራተኛቸው ነበር።

፪

ስሜ ዘርፌ ነው። ዘርፌሽዋል ብሎ ሙሉውን የሚጠራኝ መታወቂያዬ ብቻ ነው። ሐዋሳ ውስጥ፣ ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ ባለ ጋራዥ፣ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ሞተር አልፈታም፤ ፍሬን አልነካም። ሽቦ፣ ፊውዝ፣ ሴንሰር፣ ኮምፒውተር የኔ ነው። መኪና ውስጥ ያለ የማይታይ ነገር ሲታመም ወደኔ ይልኩታል፤ ታሞ ካልተገኘም ጥፋቱ የኔ ይሆናል።

ታሪክ ጽፌ አላውቅም። የምጽፈው የሥራ ወረቀት ነው፤ ቅሬታ፣ ምርመራ፣ ውጤት። ይህንንም ቁጥር እየሰጠሁ የምጽፈው ለዚያ ነው። ቁጥር ካልሰጠሁት እጄ አይሄድም።

እርስዎን «እርስዎ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ጋራዥ ውስጥ ደንበኛን የማናግረው እንደዚያ ነው፤ እስኪያናድደኝ ድረስ።

፫

ስለ መኪናው ማወቅ ያለብዎት ይህን ያህል ብቻ ነው።

እያንዳንዱ ጎማ ውስጥ፣ ነፋስ ከሚሞላበት ቫልቭ ሥር፣ ክብሪት የምታህል ሴንሰር አለች። የራሷ ትንሽ ባትሪ አላት። መኪናው ሲንቀሳቀስ በየደቂቃው ገደማ «ሠላሳ ሦስት ነኝ»፣ «ሠላሳ ሁለት ነኝ» እያለች በራዲዮ ትልካለች። ድምጿ ደካማ ነው። መኪናው ውስጥ የተደበቀ አንድ ተቀባይ ይሰማታል፤ የሰማውን ለኮምፒውተሩ ያቀብላል፤ ኮምፒውተሩ ዳሽቦርዱ ላይ ይጽፈዋል።

ከእነዚህ አንዱ ሥራውን ሲያቆም ቢጫ መብራት ይበራል። አፉ የተከፈተ ማሰሮ ይመስላል፤ መሃሉ ላይ ቃለ አጋኖ አለው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ቃለ አጋኖ እሱ ብቻ ነው።

መብራቱ ሁለት ዓይነት አበራር አለው። በርቶ ዝም ካለ ነፋስ ጎድሏል ማለት ነው፤ ይቁሙ። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ በርቶ ከቀረ ግን ጎማው ጎደለ ማለት አይደለም፤ ወሬው ተቋርጧል ማለት ነው።

የጋሽ ላቀው ብልጭ ድርግም የሚለው ነበር።

፬

አሁን ምን እያሰቡ እንደሆነ አውቃለሁ። «አሃ፣ ባልና ሚስቱ አይነጋገሩም ማለት ነው። መኪናው ሰበብ ነው» ብለዋል።

አይደለም።

እነዚህ ሰዎች ሠላሳ ስምንት ዓመት በትዳር ኖረዋል፤ ያን ሁሉ ዓመትም አውርተዋል። ጋራዣችን ውስጥ ብቻ፣ የወጥ ቤቱ መስኮት ተዘግቷል አልተዘጋም በሚል ሃያ ደቂቃ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ሐሳብዎን ለጊዜው ያስቀምጡትና ስለ መኪናው ያንብቡ።

፭ ቅሬታ

የባለ መኪናው ስም፦ ላቀው ወንድይፍራው።

ሥራ፦ መምህር ነበሩ፤ ፊዚክስ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት። አሁን ጡረታ።

መኪና፦ ያገለገለ፣ ብርማ። የሠራውን ድርጅት ስም አልጽፍም፤ መኪናው ጥፋት የለበትም።

ምን ይላል፦ የጎማ መብራት ይበራል። ቁጥሮቹ ይጠፋሉ። ጎማው ግን ደህና ነው።

መቼ፦ ወደ አርባ ምንጭ ስንነሳ።

ሌላ ጊዜስ፦ የለም።

ከዚህ በፊት የተሞከረ፦ የመጀመሪያው ጋራዥ ጎማዎቹን ከልክ በላይ ነፋቸው። ሁለተኛው ባትሪውን ነቅሎ መልሶ ሰካ። ሦስተኛው መብራቱ ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጠፈበትና «በቃ፣ አሁን አይታይም» አላቸው።

ፕላስተሩን ማን አነሳው፦ ባለቤቴ።

፮

ቀጥሎ የምጽፈውን እኔ የሰማሁት ቆይቼ ነው። እርስዎ ግን አሁን ቢያውቁት ይሻላል።

ከሁለት ዓመት በፊት እትዬ ውድነሽ ብቻቸውን በአውቶቡስ ወደ አርባ ምንጭ ይሄዱ ነበር። ልጃቸው ቤዛዊት እዚያ ተድራ ነው የምትኖረው። አውቶቡሱ ሶዶን አልፎ፣ ሁምቦንም አልፎ፣ ቁልቁል ሲወርድ የፊት ጎማው ፈነዳ። አውቶቡሱ በጎኑ ተኛ። እትዬ ውድነሽ የትከሻቸው አጥንት ተሰብሮ ወጡ። ከጎናቸው የተቀመጠችው ሴት ግን አልወጣችም።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ውድነሽ ከሐዋሳ ርቀው አልሄዱም። ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ለቅሶ ይሄዳሉ። ከከተማ መውጫው በኋላ ግን ለሳቸው መንገድ የሚባል ነገር የለም።

ጋሽ ላቀው በስድሳ ስድስት ዓመታቸው መንጃ ፈቃድ አወጡ። ከዚያ መኪና ፍለጋ ዞሩ። ሻጩ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ቀለሙ ሲያወራ እሳቸው የሚያዩት ዳሽቦርዱ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ብቻ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የጎማ ነፋስ ነው፣ አባት። ጎማው ሲጎድል ቀድሞ ይናገራል።»

«ይሄን ነው የምፈልገው» አሉ ጋሽ ላቀው።

በዚያው ወር ቤዛዊት በቀዶ ሕክምና ወለደች። ወንድ። እኔ ጋ ሲመጡ ልጁ አራት ወር ሆኖት ነበር፤ አያቱ የሚያውቁት በስልክ መስተዋት ብቻ ነው።

፯ ምርመራ

ይህ ዓይነት መኪና ቢገጥምዎ እንዲህ ያድርጉ።

የምርመራ ማሽኑን መሪው ሥር ካለው ሶኬት ጋር ያገናኙ። ኮምፒውተሩ ምን መዝግቦ እንደሆነ ያንብቡ። የኛ «ከአራቱም ጎማ መልእክት አልደረሰም» ይል ነበር።

አንዲት ሴንሰር ዝም ብትል ባትሪዋ አልቋል ይባላል። አራቱም በአንድ ቀን አያልቁም። ስለዚህ ችግሩ ተናጋሪዎቹ ጋ ሳይሆን ሰሚው ጋ ነው ብለው ይጠርጥሩ።

ቢሆንም ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ይቀስቅሱ። መቀስቀሻዋን መሣሪያ ቫልቩ አጠገብ ይዘው ቁልፉን ይጫኑ። መለሱ? አራቱም መለሱ፤ በጤናማ ባትሪ።

ተቀባዩን ይፍቱት። ኤሌክትሪክ ይደርሰዋል? ይደርሰዋል። ሽቦው ተላጧል? አልተላጠም። ሶኬቱ ዝጓል? አልዛገም። መልሰው ይግጠሙት።

ይንዱት። ከጋሽ ላቀው ጋር ሁለት ጊዜ እስከ ጥቁር ውሃ ሄደን ተመለስን። እሳቸው ነዱ፤ እኔ ከኋላ ማሽኑን ጭኜ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ምን አገኘሁ?

ምንም።

ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት። ሐኪም ቤት ሲደርስ ትኩሳቱ የሚጠፋ ሕፃን አይተው ያውቃሉ? እንደዚያ።

፰

በሁለተኛው ቀን ማታ ልንዘጋ ስንል ከጋሽ ላቀው ጋር ያደረግነው ንግግር። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ምክንያቱም በኋላ ብዙ ጊዜ መላልሼዋለሁ።

እኔ፦ መብራቱ ሲበራ መኪናው ውስጥ ማን ነበር?

ጋሽ ላቀው፦ እኔና ባለቤቴ።

እኔ፦ አራቱንም ጊዜ?

ጋሽ ላቀው፦ አራቱንም ጊዜ።

እኔ፦ እርስዎ ብቻዎን ሲነዱስ በርቶ ያውቃል?

ጋሽ ላቀው፦ አያውቅም።

እኔ፦ እንግዲያው ነገ እሳቸውንም ይዘዋቸው ይምጡ።

ጋሽ ላቀው፦ እነግራታለሁ።

ይህን ሲሉ ፈገግ አሉ። እኔ ትሕትና ነው ብዬ አለፍኩት። ለማሽን የምሰጠውን ትኩረት ግማሹን ለሰው ፊት ብሰጥ ሁለት ቀን ይተርፈኝ ነበር።

፱

እትዬ ውድነሽ አጭር ናቸው፤ ነጠላቸው ከሳቸው ይረዝማል። ጋራዡ ደጃፍ ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«መካኒኳ አንቺ ነሽ?»

«ኤሌክትሪሺያን ነኝ፣ እትዬ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«የኔ እጅ ትንሽ ይነጻል።»

እጄን አዩት። ጥቁር ነበር።

«ትንሽ» አሉ።

ወደድኳቸው።

፲ ምርመራ፣ እንደገና

ጋሽ ላቀው መሪ ይዘዋል። እትዬ ውድነሽ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ማሽኑ ጭኔ ላይ ነው። ማስታወሻ እይዝ ነበር፤ እንዳለ ልገልብጠው።

ረፋድ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ። 33፣ 33፣ 32፣ 33። ከጋራዡ ወጣን።

ሦስት ከሃምሳ ስድስት። ቁጥሩ ያው ነው። ጋሽ ላቀው ጎማ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ለምን እንደሚገፋ ያስረዱኛል። እትዬ ውድነሽ፦ «ይህን ትምህርት በተጋባን በዓመቱ ጨርሼዋለሁ።»

አራት ሰዓት ከሁለት። ያው። የሐዋሳ መውጫ።

አራት ከሦስት። ጋሽ ላቀው፦ «ዛሬ ምንም ካልታየ እሁድ ጠዋት እንነሳለን።» እትዬ ውድነሽ፦ «እግዚአብሔር ካለ።»

አራት ከአራት። እትዬ ውድነሽ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ትንሽ ነጭ ቻርጀር አወጡ። ሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ላይ ሰኩት፤ ስልካቸውን አገናኙ።

አራት ከስምንት። 33፣ —፣ 32፣ 33።

አራት ከአሥር። —፣ —፣ 32፣ —።

አራት ከአሥራ ሁለት። —፣ —፣ —፣ —። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል።

ቀና አልኩ። እትዬ ውድነሽ ነጠላቸውን ለማስተካከል የፀሐይ መከላከያውን አውርደው ነበር። እሱ ላይ ያለችው ትንሽ መስተዋት ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

ማስታወሻዬ እዚህ ላይ ይቆማል።

፲፩

የመኪና ትምህርት ለመጨረሻ ጊዜ፤ አጭር ነው።

መንገድ ላይ የሚሸጡ አንዳንድ ርካሽ ቻርጀሮች ስልክ ሲሞሉ ዝም ብለው አይሞሉም። ለኛ ጆሮ የማይሰማ የራዲዮ ጫጫታ ያሰማሉ። የጎማ ሴንሰር ደግሞ ድምጿ ደካማ ነው ብያለሁ። ወፍጮ ቤት ውስጥ አንድ ሰው በሹክሹክታ ቢያወራዎት ይሰማሉ? ተቀባዩም አልሰማም። ሰሚውም ተናጋሪዎቹም ጤነኞች ናቸው።

ችግሩን ካገኘሁ በኋላ ደስ ሳይለኝ የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ጋሽ ላቀው» አልኩ፤ «ጥግ ይያዙና የአራቱን ጎማ የቫልቭ ቆብ ፈትተው ያምጡልኝ።»

የቫልቭ ቆብ ለምንም አያስፈልገኝም ነበር። ጋሽ ላቀው ግን ለምን ሳይሉ ወረዱ።

፲፪

በር ተዘግቶ፣ እሳቸው ውጪ ጎንበስ ብለው ሳለ።

እኔ፦ ቻርጀሩን ይንቀሉልኝ፣ እትዬ።

እትዬ ውድነሽ፦ ስልኬ ሊዘጋ ነው።

እኔ፦ ሰማንያ ሦስት ፐርሰንት ይላል።

እትዬ ውድነሽ፦ (ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑት።)

እኔ፦ መቼ ነው ያወቁት?

እትዬ ውድነሽ፦ በመጀመሪያው ጉዞ ዕለት። እሱ ወርዶ ጎማ ሲረግጥ ስልኬን ነቀልኩት። ስንመለስ ቆይቶ ቁጥሩ መጣ። በማግሥቱ ገበያ ስንሄድ ሰካሁት፤ ሄደ። እሱ ሳያይ፣ መብራቱም ሳይበራ ነቀልኩት፤ መጣ። እኔ እንዳንቺ ማሽን የለኝም፤ ዓይን ግን አለኝ።

እኔ፦ ታዲያ «እፈራለሁ» ብለው አይነግሯቸውም?

እትዬ ውድነሽ፦ ይሄ ሰው ለኔ ብሎ በዚህ ዕድሜው ከልጆች ጋር ተቀምጦ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ተፈተነ። ሁለቴ ወድቆ ነው ያለፈው። መኪናውን ሲያመጣ የጎማ ቁጥሮቹን እንደ ሕፃን ፎቶ ነው ያሳየኝ። አሁንም እፈራለሁ ብዬ ብነግረው ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? መብራቱ እምቢ ሲል ግን ማንም ማንንም አይቀየምም።

እኔ፦ የልጅዎ ልጅ ግን አራት ወሩ ነው።

እትዬ ውድነሽ፦ አራት ወር ከስድስት ቀን።

(ጋሽ ላቀው ከሁለተኛው ጎማ ወደ ሦስተኛው ሄዱ።)

እትዬ ውድነሽ፦ አውቶቡሱ ላይ ሰምቼው ነበር እኮ። ጎማው ከመፈንዳቱ በፊት ይጮህ ነበር። ረዳቱን ጠርቼ ነገርኩት። «ማዘር፣ ይተኙ፤ ጎማ ሁሌም ይጮኻል» አለኝ። ሰው ሳቀ። ያቺ ከጎኔ የነበረችው ብቻ ናት «እኔም ይሰማኛል» ያለችው። ቆሎዋን አካፍላኛለች። አራት ሰዓት ያህል አብረን ተቀምጠን ስሟን አልጠየቅኳትም።

እኔ፦ እትዬ…

እትዬ ውድነሽ፦ እኔ ስናገር የቆመ መኪና የለም፣ ልጄ። ይሄ መብራት ሲበራ ግን መምህር ወዲያው ያቆማል። አራቴ አይቼዋለሁ። አትንገሪው።

፲፫

መካኒክ ሁለት ነገር ይችላል። መጠገን ይችላል፤ ወይም «አልተገኘም» ብሎ መመለስ ይችላል። እኔ ሦስተኛ ነገር ፈለግኩ። እውነቱን ለመናገር አስቤበት አይደለም፤ እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ የጎማ መለኪያዬን አገኘ። እስክሪብቶ የምታህል የነሐስ ጌጅ ናት።

«ይውረዱ» አልኳቸው። «ላሳይዎት።»

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ጌጁን ቫልቩ ላይ ቀጥ አድርጎ መጫን እንደሚያስፈልግ፣ ካዘነበለ ነፋስ ሹልክ እንደሚል ነገርኳቸው። የመጀመሪያው ጎማ ላይ አዘነበሉት። ሁለተኛው ላይ ያዙት። ጋሽ ላቀው አራት ቆቦች መዳፋቸው ላይ ይዘው ቆመው ያያሉ።

«ሠላሳ ሦስት» አሉ እትዬ ውድነሽ። «ሠላሳ ሦስት። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ ሦስት።» ቀና አሉ፤ ትንሽ የተናደዱ ይመስላሉ። «መኪናው ልክ ነበር።»

«ልክ ነበር» አልኩ። ከዚያ ወደ ጋሽ ላቀው ዞርኩ። «ጋሽ ላቀው፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ከዛሬ ጀምሮ እትዬ አቁም ካሉ ያቆማሉ። መብራት ቢበራም ባይበራም። ለምን ሳይሉ።»

«እሺ» አሉ ጋሽ ላቀው። እሺታቸው ፈጠነብኝ። ቀጠሉና፣ «ቻርጀሩንስ ምን ልናደርገው ነው?» አሉ።

አንድ የጭነት መኪና አለፈ። እትዬ ውድነሽ አቧራውን ከነጠላቸው አራገፉ።

«ስለ ቻርጀሩ ምን ታውቃለህ?» አሉ እትዬ ውድነሽ።

«ውድነሽ፣ እኔ እኮ ፊዚክስ ነው ያስተማርኩት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሁለተኛው ጉዞ።»

«ከሁለተኛው ጉዞ» አሉ እትዬ ውድነሽ ቀስ ብለው። «እያወቅክ ነው እነዚያን ጋራዦች ሁሉ የዞርከው?»

«ምን ላድርግ? ቤት ተቀምጬ ላፍጥብሽ? መኪናው ታሟል ካልሽ አሳክመዋለሁ። አንቺ እስክትነግሪኝ ድረስ።»

«አራት ጊዜ ስመልስህ ምንም ሳትል?»

«አራት ጊዜ ተመለስኩ» አሉ ጋሽ ላቀው።

እኔ መሃል ቆሜያለሁ። ያኔ ነው የገባኝ። «ጋሽ ላቀው» አልኩ፤ «እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀባዩን ስፈታና ስገጥም እርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው እያዩ፤ ያውቁ ነበር?»

«በደንብ ትሠሪያለሽ» አሉኝ፤ ልክ የተማሪ ደብተር እንደሚመልስ መምህር። ከዚያ አንገታቸውን ደፉ። «ወንዶቹ መካኒኮች የሚያወሩት ለኔ ብቻ ነው። እሷን ዞር ብሎ የሚያያት የለም። እናንተ ጋራዥ ሴት አለች ሲሉኝ፣ ምናልባት ለሷ ታወራ ይሆናል ብዬ ነው።»

እትዬ ውድነሽ ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ መንገዱ ዳር ሄዱ። ረጅም ጊዜ ቆሙ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ ከኋላ አይታወቅም። ሲመለሱ ፊታቸው ሁለቱንም ያደረገ ሰው ፊት ነው።

ቻርጀሩን ነቅለው ሰጡኝ።

«ጌጁን ግን አልመልስም» አሉ።

፲፬

እዚህ ላይ ብጨርሰው ያምር ነበር። ቻርጀሩ ተነቀለ፣ ተሳቀ፣ ተለቀሰ። ግን የሆነው በዚህ አላበቃም፤ እሁድም ነበረ።

የእሁዱን የማውቀው ጋሽ ላቀው ማታውኑ ከአርባ ምንጭ ደውለው ስለነገሩኝ ነው። አንድም ነገር ያስቀሩ አልመሰለኝም፤ የአስፋልቱን ሙቀት ሳይቀር ገምተው ነግረውኛል።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሱ። እትዬ ውድነሽ ከመግባታቸው በፊት አራቱንም ጎማ ለኩ። ሻሸመኔን አለፉ። እትዬ ውድነሽ በሁለት እጃቸው የበሩን መያዣ ይዘው ነበር አሉ፤ ሐላባ ሲደርሱ አንዱን እጅ ለቀቁት።

ሐላባን አልፈው ብዙም ሳይሄዱ መብራቱ በራ።

በራ። አልተብለጨለጨም።

«አልሰካሁም» አሉ እትዬ ውድነሽ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ላቀው።

«አቁም።»

አቆሙ።

እትዬ ውድነሽ ጌጁን ይዘው ራሳቸው ወረዱ። ሠላሳ አራት። ሠላሳ አራት። ሠላሳ ሦስት። የቀኝ የኋላው ላይ ሲደርሱ አንድ ጊዜ ለኩ፤ አላመኑም፤ ደግመው ለኩ። ሃያ አንድ። ጎንበስ ብለው ጎማውን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ጣታቸው የሚስማር ራስ ላይ አረፈ።

«መምህር» ብለው ጠሩ፤ «ና እይ። እውነተኛ ነው።»

ጋሽ ላቀው በስልክ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበረ። በሚስማሩ አይደለም።

መጠባበቂያውን ስኮርት ጎማ አወረዱ። እትዬ ውድነሽ ማንም ሳያዛቸው እሱንም ለኩት። አሥራ ስምንት። ስኮርት ውስጥ ሴንሰር የለም፤ ስለዚህ ላለፉት ስንት ወራት ማንም ጠይቆት አያውቅም። እኔን ጨምሮ። አራቱን ጎማ ለሦስት ቀን ሳናግር አምስተኛውን ረስቼዋለሁ። ይህን ጋሽ ላቀው አልነገሩኝም፤ ስልኩን ተቀብለው እትዬ ውድነሽ ናቸው የነገሩኝ፤ «ኤሌክትሪሺያኗ ስኮርት አታይም እንዴ?» ብለው።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ቆሞ መኪናውን በክሪክ አነሳላቸው፤ የእግር ፓምፕም ነበረው። እትዬ ውድነሽ እየለኩ እሱ ስኮርቱን ነፋ። ሠላሳ ሦስት ሲደርስ «በቃ» አሉት፤ እሱ ትንሽ ሊጨምር ፈለገ፤ «በቃ አልኩ» አሉት። በቃ።

ከዚያ ጎማውን ቀይረው ቀስ ብለው ወደ ሐላባ ተመልሰው ጎሚስታ ጋ ሚስማሩን አስነቀሉ።

፲፭

ጎሚስታው በር ላይ፣ ጎማው እስኪጣበቅ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ጋሽ ላቀው ጠየቁ።

«እንመለስ?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ቃል የሚሉት ሁልጊዜ እትዬ ውድነሽ ነበሩ። ጋሽ ላቀው አንድም ቀን ብለውት አያውቁም።

እትዬ ውድነሽ የጎሚስታውን እጅ እያዩ ቆዩ። ጎማውን ውኃ ውስጥ ነክሮ ሲያዞረው፣ አረፋ ሳይወጣ ሲቀር አዩ።

«ጎማው ተሠርቷል አይደል?» አሉ።

«ተሠርቷል።»

«ታዲያ ምን ሆነን ነው የምንመለሰው?»

፲፮

አርባ ምንጭ የገቡት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ቤዛዊት ልጁን ታቅፋ በር ላይ ጠበቀቻቸው። ልጁ አያቱን አየና ጮኾ አለቀሰ። ቤዛዊት ደነገጠች፤ እትዬ ውድነሽ ግን «ልክ ነው፤ በስልክ የሚያውቃት ሴትዮ መዳፍ ታክል ነበር» ብለው ልጁን ተቀበሏት። እስኪለምዳቸው ድረስ እሪ እያለም አልሰጡም።

ይህን ሁሉ ጋሽ ላቀው ነገሩኝ። አንድ ቦታ ግን ዘለው አለፉ፤ እኔም አስተዋልኩ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከማሽን ውጪ ያለ ነገር በጊዜው ሳስተውል ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«ጋሽ ላቀው» አልኩ፤ «ሁምቦን ካለፋችሁ በኋላስ? ያ ቦታ?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «እዚያ ስንደርስ አቁም አለችኝ። መብራት አልበራም፤ ምንም ድምፅ አልነበረም። አቆምኩ። ለምን አላልኩም።»

«እሺ።»

«ወረደች። ዳር ላይ ቆመች። ሙዝ የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ፤ ሊያናግሯት መጥተው ፊቷን ሲያዩ ተዉአት። አሥር ደቂቃ ይሆናል። አባያ ሐይቅ ከታች ይታያል። እኔ መኪናው ውስጥ ሆኜ እጠብቃለሁ። ከዚያ ተመልሳ በኔ በኩል መጣችና በመስኮቱ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር አለችኝ። ከዚያ ዞራ ገባች፤ ሄድን።»

«ምን አሉ?»

ከወዲያ የሕፃን ድምፅ ይሰማል፤ ቤዛዊት ስትስቅም ይሰማል።

«አጭር ነው» አሉ ጋሽ ላቀው። «ሁለት፣ ሦስት ቃል። እሱን ተይው፣ ዘርፌ።»

፲፯

ልተወው ሞክሬ አቃተኝ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ። አንደኛው በጣም አማረ፤ እትዬ ውድነሽ እንደዚያ አይናገሩም። ሁለተኛው ምስጋና ነበር፤ ለማን እንደሆነ ጠፋኝ። ሦስተኛው ጥያቄ ሆነብኝ።

እኔ ሽቦ ነው የማውቀው። እርስዎ ደግሞ አሁን እሳቸውን እኔ የማውቃቸውን ያህል ያውቋቸዋል። ከሰው ጎን ተቀምጠው ረጅም መንገድ ሄደውም ያውቁ ይሆናል። ቦታውን ክፍት ትቼልዎታለሁ፤ እርስዎ ይሙሉት። አቧራ የበዛበት የመንገድ ዳር ነው፤ ሞተሩ ጠፍቷል፤ መስኮቱ ወርዷል፤ ጋሽ ላቀው ቀና ብለው ያዩዋቸዋል።

እትዬ ውድነሽ፦ «



                              »